ጀርባውን ለባቡር የሰጠው ጣቢያ

ኅዳር 12 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት

ለዓለሜ፣ ለአንድዬ ልጄ፤

እንዴት ነሽ? ሆድሽስ? ልጁ ይራገጣል? እግሬ አበጠ ያልሽኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ብርዱን ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል።

ስለ ቤታችን የምነግርሽ አለ። በስልክ ላወራሽ ብዬ ድምፅሽን ስሰማ አልሆነልኝም።

ይህ ጣቢያ እንደምታውቂው ከመጀመሪያውም ጠማማ ነው። ግንበኛው አያትሽ ፕላኑን ገልብጦ ያዘና ጀርባውን ለባቡሩ አዙሮ ሠራው። መሐንዲሱ ሲደርስ ጣሪያው ሳይቀር አልቋል። አባቴ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንግዲያው ባቡሩ በዚያ በኩል ይዙር!» ባቡሩ የት ይዞራል? ወደ ሐዲዱ የዞረው የሠራተኛው መኝታ ቤት ስለነበር የትኬቱ መስኮት እዚያ ተከፈተ። እኔ የጣቢያ ኃላፊ ሆኜ እናትሽን ሳገባ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትኬት ትቆርጥ ነበር። ድስቷ ሊያርባት ሲል «ባቡሩ ይጠብቅ!» ትላለች፤ ደግሞም ይጠብቃል።

ሁሉም ለበጎ ነው። አንቺን ልትወልድ ምጥ ሲይዛት እኔ ሐዲዱ ላይ ነበርኩ። የተሰለፉት ሴቶች በመስኮቱ አይተዋት በሩን ገፍተው ገቡ፤ አንዷ አዋላጅ ነበረች። ሾፌሩም «የሕፃን ድምፅ ሳልሰማ አልንቀሳቀስም» ብሎ ቆመ። አንቺ ስታለቅሺ እሱ ጡሩንባውን ነፋው፤ እኔም ከሁለታችሁ ጋር አለቀስኩ።

ባቡሩ ከቀረ ወዲህ ቤቱ የእኔ ብቻ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት የሰፈሩ ነርስ መጣችና «አባባ፣ ማዋለጃ እናድርገው፤ የባቡር ድርጅቱም እርስዎ ከፈቀዱ ይሁን ብሏል» አለችኝ።

«ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው!» አልኳት።

አልተቆጣችም። «እናቶቹ መንገድ ላይ እየወለዱ ነው» ብላኝ ሄደች።

በማግስቱ አንቺ ደወልሽ። «አባዬ፣ እዚህ ሰው አገር ምጡ ሲመጣ አጠገቤ ማንም የለም» አልሽኝ። «አይዞሽ» አልኩሽ። ስልኩን ከዘጋሽ በኋላም አይዞሽ፣ አይዞሽ ስል ቆየሁ።

ትናንት ቁልፉን ለነርሷ ሰጠኋት። አክስትሽ ዘንድ ገብቻለሁ፤ ጭቅጭቋን እንደ ሬዲዮ እሰማዋለሁ።

ነርሷ «ምን አሳመነዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ጉልበቴ አወራኋት። እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ፦ እዚህ ለሰው ልጅ በሩን ከከፈትኩ፣ እዚያም ላንቺ የሚከፍት ሰው አይጠፋም ብዬ ነው።

በሰላም ተገላገዪልኝ፤ ጉልበትሽ ይጽና፤ ልጅሽን አቅፌ የምስቅበትን ቀን ያምጣልን።

እጄ የማይደርስልሽ አባትሽ