አርባ ሰከንድ ለባከነብዎ ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ ርዕሰ መምህራችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ይልቁንም ከእጅ ሰዓትዎ ላይ ለማይነቀሉት ዓይኖችዎ ደኅንነት ያለኝን ልባዊ ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ልብስ የምሰፋ፣ የአንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እናት ነኝ። ልጄ ስትናገር አንደበቷ ስለሚያዝ ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም። ይህን የምጽፈው ስለዋሉልን ውለታ ላመሰግንዎ ነው።

1ኛ. ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ የሳይንስ መምህርቷን ለመገምገም ከክፍሉ ኋላ ስለተቀመጡ አመሰግናለሁ። ልጄ አጠገብ የምትቀመጠው ተማሪ እንደነገረችኝ፣ መምህርቷ በመጀመሪያ ትነት ምን እንደሆነ ሲጠይቁ ክፍሉ በአንድ አፍ ወረደው፤ እርስዎም ደስ ብሎዎት ቅጽዎ ላይ ምልክት አደረጉ። መምህርቷ ቀጥለው አንድ እርጥብ ጨርቅ አጣጥፈው፣ ሌላውን ዘርግተው፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚደርቅና ለምን እንደሆነ ጠየቁ፤ የሚነሡት እጆች ቀነሱ። በመጨረሻም ፀሐይ በሌለበት ቀን ጨርቅ በቶሎ ለማድረቅ ምን ዘዴ እንደሚፈጥሩ ሲጠይቁ ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህርቷም ዝም ብለው ጠበቁ። ልጆች ሲያስቡ ድምፅ እንደማያሰሙ ለእርስዎ የነገረዎት ሰው ባለመኖሩ አዝናለሁ።

2ኛ. በዚያ ጸጥታ መካከል ልጄ ተነሣች። «ጨ... ጨርቁን...» ብላ ስትጀምር፣ እርስዎ ከኋላ ሆነው «አርባ ሰከንድ ባከነ! መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ምን ያደርጋል? ወደሚቀጥለው ገጽ እለፉ» ስላሉ እጅ እነሣለሁ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ልጄ ግን ለመናገር ተነሥቶም መቅረት እንዳለ ከእርስዎ ተማረች።

3ኛ. በማግስቱ ለመምህርቷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥተው የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ስላደረጓቸው፣ በምትካቸውም ከሰኞ እስከ ዓርብ «ትርጉሙን ጻፉ» ከማለት በቀር ሌላ ጥያቄ የማያውቁ መምህር ስለላኩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

4ኛ. አቤት ልል ቢሮዎ ስመጣ «አንቺ ልብስ ሰፊ አይደለሽም እንዴ? ስለ ማስተማር ምን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ለጥያቄዎ አሁን ልመልስልዎ። ሙያ ልትማር የመጣችን ልጅ መቀስ ምን እንደሆነ ብቻ ጠይቄ አላሰናብትም። ይህ ስፌት ለምን ተሸበሸበ? ከዚህ ቁራጭ ምን ይወጣል? እላታለሁ፤ ከዚያም እጄን አጣጥፌ እጠብቃታለሁ። ከቸኮልኩ ጨርቅ ይበላሻል። እርስዎ ያበላሹት ግን ጨርቅ አይደለም።

ልጄ አምስት ቀን ቤት ውስጥም ዝም አለች። እሑድ መምህርቷ ወደ ሱቄ መጥተው ከአጠገቧ ተቀመጡና ያንኑ ጥያቄ ጠየቋት። እኔም ማሽኔን አቆምኩ። ልጄ እየተያዘች፣ እያቋረጠች፣ ጨርቁ በደረቅ ፎጣ ተጠቅልሎ ቢጨመቅ፣ ከዚያም በሁለት መስኮቶች መካከል ነፋስ በሚያልፍበት ተዘርግቶ ቢሰቀል እንደሚሻል እስከ መጨረሻው ተናገረች። «ለምን?» ሲሏት ይህንንም አስረዳች። እኔ አለቀስኩ፤ ደስታ ብቻ እንዳይመስልዎ፣ ግማሹ ንዴት ነው። እርስዎ ንግግሯን ሳትጨርስ ያስቀመጧት ይህችን ልጅ ነው።

እንግዲህ መምህርቷ ከግምጃ ቤት ወጥተው ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ፣ እርስዎም ልጄን በዚያው ክፍል ፊት ይቅርታ እንዲጠይቋት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጠይቃለሁ። ቀና ስል ግን መልስ እፈልጋለሁ።

የቅጽዎ፣ የማኅተምዎና የፊርማዎ አድናቂ፣
ከአጥሩ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ያነበቡ ሠላሳ አንድ ወላጆች ፈርመውበታል፤ የፊታችን ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ቢሮዎ እንገኛለን። ስለ ወንበር አይጨነቁ፤ ቆመን መነጋገር አያቅተንም።