ጋቢውን ከብስክሌትህ ላይ ገፈፍኩት

ውዴ ብዬ መጀመር አቅቶኛል፤ ስለዚህ ግርማ ብዬ እጀምራለሁ።

ከተለየኸኝ ሙት ዓመትህ ወጥቶ ሌላ ክረምት ገባ። ሰላምታ አልልክልህም፣ አኩርፌሃለሁ። ሰው ነፍሱን ይማር ሲል እኔም አብሬ እላለሁ፤ ቤት ስገባ ግን እጣላሃለሁ።

የቡራዩ መብራት እንደተውከው ነው፤ ይሄዳል፣ ይመጣል። መንገዱ ግን ተከፍቷል። ድንጋዩ ተነስቷል፣ ጎማ የተቃጠለበት አስፋልት አንዳንድ ቦታ ጥቁሩ አልለቀቀም። ታክሲዎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ አስኮ፣ አስኮ እያሉ ይጣራሉ።

ባለ ባትሪዋን ብስክሌት ያመጣህ ለታ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። በማስተር ፕላኑ ግርግር ታክሲ ሲጠፋ ከሥራ እንዳትቀር ነበር የገዛሃት፤ የምትሠራበት መጋዘን ቁልፍ አንተ ጋ ነበርና። ከዚያ ግን ሳሎን አስገባሃት። በቱቦ ውሃ እንዳትታጠብ፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ እንድትወለወል፣ ፀሐይ እንዳያገኛት አዘዝክ። ሲበርድ ባትሪዋን ነቅለህ መኝታ ቤታችን ታሳድር ነበር። «ተርባም ጠግባም አትክረም» ትለኝ ነበር፤ ሳትነዳ ከቆየች ባትሪዋ ግማሽ ላይ ይሁን ማለትህ ነው። እኔን ራት በላሽ ወይ ብለህ ጠይቀህ አታውቅም። ባለሱቋ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ «ጣውንትሽ እንዴት አደረች?» እያሉ ያስቁኝ ነበር። እናቴ ፈትላ ያሸመነችልህን ጋቢ አንተ ለብስክሌቷ ስታለብሳት ግን ሳቄ ቆመ።

ያን ጠዋት ከድልድዩ ወዲያ ተኩስ እንዳለ እትዬ ዘይነባ መጥተው ነገሩን። አትሂድ አልኩህ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው አልከኝ። ብስክሌቷን እስከ በሩ ገፍተህ ቆምክና መለስካት። ሐሳብህን የቀየርክ መስሎኝ ተነፈስኩ። አንተ ግን ባትሪዋን ነቀልክ፣ ጋቢውን አለበስካት፣ «ድንጋይ ያገኛታል» አልክና በእግርህ ወጣህ።

እሷን ድንጋይ እንዳያገኛት ብለህ አንተን ጥይት አገኘህ። ማን እንደተኮሰ ጠይቄ ጠይቄ የሚመልስልኝ አጣሁ። ስለዚህ የምጣላው ካንተ ጋር ነው።

ለቅሶ ላይ የእድር ሰዎች ፍራሽ የሚያነጥፉበት ቢያጡ ብስክሌቷን ወደ ደጅ አውጥተው የድንኳኑን ገመድ አሰሩባት። ዝናቡ ወረደባት። በዚያ ሁሉ እንባ መሐል ሳያት ደስ አለኝ።

ታላቅ ወንድምህ ኦቦ ገመቹ ከአርባህ በኋላ መጡ። አካም ጂርታ ብለው ተቀመጡና «ለማስታወሻ ልውሰዳት፣ እሱ እንደሚይዛት አድርጌ ነው የምይዛት» አሉኝ። እሱ እንደሚይዛት ሲሉ ደሜ ፈላ። አልሰጥም አልኳቸው። ቅር ብሏቸው ሄዱ፤ ዛሬም ደጃችንን አይረግጡም።

ለምን እንዳስቀረኋት ልንገርህ። እየነዳኋት ነው። አስኮ ልብስ ስፌት ሥራ ይዣለሁ፣ ጠዋት ማታ የምመላለሰው በሷ ነው። ስለማመድ ወድቄ ጉልበቴ ተልጧል። ባትሪዋን እሞላለሁ፣ ሰንሰለቷን ዘይት እቀባለሁ፣ መንገድ ላይ እንዳታስቀረኝ ብቻ። ከዚያ በላይ አላሞላቅቃትም። ጭቃ ውስጥ እነዳታለሁ፣ ደጅ አሳድራታለሁ። ቀለሟ ተፋፍቋል፣ የፊት መብራቷ ተሰንጥቋል። ብታይ ትናደድ ነበር፤ ተናደድ። ዕቃ ማለቅ ያለበት ሲሠራ ነው። ተሸፍነህ ቤት መቅረት የነበረብህ አንተ ነበርክ።

እረሳሃለሁ ብለህ አትስጋ። በየጠዋቱ በሩ ጋ ስደርስ፣ ቆም ብለህ የተመለስክበት ቦታ ላይ እኔም ቆም እላለሁ። እዚህ ቤት እስካለሁ ድረስ እንዲሁ ነው። ይቅርታው ግን ገና ነው።

ጋቢውን ከሷ ላይ ገፍፌዋለሁ። አላጠብኩትም፣ የሰንሰለት ዘይትና አንተን ይሸታል። አሁን የምለብሰው እኔ ነኝ።

ሚስትህ አልማዝ