በልጄ እቅድ ስለ ተሸለሙት መምህር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ጓድ ወልደ ሩፋኤል
የአርአያ መምህራን መራጭ ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብታችኋል እላለሁ። ብዙ ወረቀት የሚመረምሩ ሰው ስለሆኑ በተለይ ለዓይንዎ ጤና እለምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነውና ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እርስዎም ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

ልጄ መምህር ምስጋኑ ከፋለ እዚሁ ላሊበላ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ባለፈው ኅዳር አንድ እሑድ «ይህ ቢሆን ያ ይሆናል» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ለማስተማር እቅዱን ሲጽፍ ዋለ። ሲጨርስ እኔን በርጩማ ላይ አስቀምጦ፣ ለአርባ ሰባት ተማሪ እንደሚያስተምር ሁሉ አስተማረኝ። በተማሪዎቹ ስም አንዴ ጋሻዬ፣ አንዴ ረሒማ እያለ ይጠራኛል፤ ዝም ስል «ረሒማ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ዋጠሽ?» ይለኛል። በማግሥቱ ከሰፈራ ዘመቻ ይዞት የመጣው ወባ ጣለው፤ ሐሙስ ቀበርነው። እቅዱን የጻፈበትን ደብተር ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ ከቤቴ ወሰደው።

በሽልማቱ ቀን በእርሱ ቦታ የተተኩት መምህር ፈንታው «አርአያ መምህር» ተብለው ሲጠሩ፣ እቅዳቸውም በአማርኛ እየተተረጎመ ሲነበብ፣ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። ቅሬታዬ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ልጄ «ብርቄ በማለዳ ተነሥታ ቢሆን ኖሮ መኪናው ባላመለጣት ነበር» ብሎ ጽፎ ነበር። ብርቄ እኔ ነኝ። ጋሸና ላይ መኪናው ጥሎኝ ሲሄድ፣ ገብሴን ተሸክሜ ስጮህ፣ እርሱ ከጎኔ ቆሞ ይስቅ ነበር። በተነበበው እቅድ ግን መኪና ያመለጣቸው የመምህር ፈንታው እናት ወይዘሮ ዓለምእሸት ሆነዋል። እሳቸው የጋሸና ሰው ናቸው፤ መኪናው ደጃቸው ላይ ነው የሚቆመው። እንዴት እንዳመለጣቸው ኮሚቴው አጣርቶ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ ይህ እንኳ በእርስዎ ጥፋት የመጣ አይደለም። መምህር ፈንታው ሽልማታቸውን ሲቀበሉ አስነጠሳቸው። ወይዘሮ ዓለምእሸት ከፊት ወንበር «ይማርህ» አሏቸው፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ በፊት ወንበሩ አልቀናሁም፣ በምስክር ወረቀቱም አልቀናሁም ብል እዋሻለሁ፤ የዚያን «ይማርህ» ያህል ግን አንጀቴን ያቃጠለኝ የለም። ቅናት ኃጢአት መሆኑን የነፍስ አባቴ ነግረውኛል። ሰግጄበታለሁ፤ አልለቀቀኝም።

ሦስተኛ፣ እቅዱ ከፋሲካ በኋላ ተባዝቶ ለአውራጃው ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንደሚላክ ሰምቻለሁ። ኮሚቴው የሙት ሥራ እንዳይባክን ይህን ያህል ስለተጨነቀ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ምስክር ወረቀቱ ከመምህር ፈንታው ጋር ይቅር፤ እናታቸውም በልጃቸው ዕድሜ ይደሰቱ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመላኩ በፊት በወረቀቱ ራስ ላይ «ያዘጋጀው ምስጋኑ ከፋለ» ተብሎ ይጻፍ። እኔ ልጅ የለኝም፤ የልጅ ስም ግን አለኝ።

ስብሰባዎ እስኪያልቅ ከሰሌዳው ሥር ቁጭ ብላ የምትጠብቅዎ፣ ለዓይንዎም መጸለይዋን የማታቋርጥ፣
ብርቄ እንግዳው
መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.፣ ላሊበላ

ማስታወሻ፦ ለተሰብሳቢው ከታደለው ቅጂ አንዱ ደርሶኛል። እንግሊዝኛውን አላውቀውም፤ ቁጥሩን ግን አውቃለሁ። ሲተረጎም እንደሰማሁት፣ ለመግቢያ አምስት፣ ለማብራሪያ ሃያ፣ ለመልመጃ አሥራ አምስት፣ ለማጠቃለያ አሥር ደቂቃ ይላል። ደምሬው ሃምሳ መጣልኝ፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ደግሞ አርባ ደቂቃ ነው። ልጄ ያን እሑድ «እማ፣ አሥር ደቂቃ አብዝቻለሁ፤ ነገ አስተካክለዋለሁ» ብሎኝ ነበር። እርሱ ነገውን አላገኘም። መምህር ፈንታውና እናንተ ሰባቱ የኮሚቴ አባላት ግን አራት ወር ነበራችሁ።