ሳይሰጠን ስለመሰከርንለት ቤት

ቶሮንቶ፣ ኖቬምበር 2011

ለወንድም ጥሩነህ
የቤት ብድር (ሞርጌጅ) ደላላና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ወንድም ጥሩነህ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ እንቅልፍ ከማጣቴና ስልክ በጮኸ ቁጥር እርስዎ መስለውኝ ከመሮጤ በቀር ደህና ነኝ። ስለ ጤናዎ የምጠይቀው ለወግ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ስልክዎ ስለማይነሳና ቢሮዎም ስለተቆለፈ ባለቤቴ ፍቅሩ ታመው ይሆናል ብሎ ሰግቷል። እኔ ግን ባለፈው እሁድ እጅዎን ዘርግተው ሲዘምሩ ስላየሁዎትና ድምፅዎም እንደወትሮው ያማረ ስለነበር ተጽናንቻለሁ። ፕሮግራሙ እንዳለቀ በጎን በር የወጡበት ፍጥነትም የሙሉ ጤነኛ ሰው ነበር።

ከብዙ ባለጉዳዮችዎ መካከል ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ሰገነት ነኝ። ቶርንክሊፍ ፓርክ የምንኖረው፣ እኔ በአረጋውያን መጦሪያ የምሠራው፣ ዌስተን ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶ እንድንገዛ ብድር ሊያገኙልን ቃል የገቡልን ቤተሰብ ነን። ባለቤቴ ከሥራ በተቀነሰበት ዓመት የክሬዲት ካርድ ዕዳ ክፍያችን ተዛብቶ ክሬዲታችን፣ ማለትም በብድር ከፋይነት ያለን ስም፣ ስለተበላሸ ባንኮቹ ፊት ነሱን። እርስዎ ግን በፈገግታ ተቀበሉን። ለዚህ ሁሉ ውለታዎ ምስጋናዬ እንዳይደበላለቅብኝ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

1ኛ. ስለ ቅድሚያ ክፍያው አመሰግናለሁ። ክሬዲቱ የተበላሸ ሰው አበዳሪ የሚያገኘው አስቀድሞ ሲከፍል ብቻ እንደሆነ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። መጀመሪያ ፋይል ለማስከፈት፣ ቀጥሎ ቤቱን ለማስገመት፣ በመጨረሻም ስሙን እንኳ ለማናውቀው አንድ የግል አበዳሪ “ሲሪየስ መሆናችሁን ለማሳየት” ከፈልን። ለዚህ ለመጨረሻው የእቁብ ዕጣዬን ተራዬ ሳይደርስ ለምኜ ነው ያወጣሁት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ የእኛን ለመሰለ ትንሽ ብድር ደላላ ብድሩ ሳይገኝ ገንዘብ እንዳይቀበል የዚህ አገር ሕግ ይከለክላል ብላኛለች። ሕጉ እርስዎን ስለማያውቅዎ ነው ብዬ መለስኩላት።

2ኛ. ደረሰኝ ከመጠየቅ ስላሳረፉን አመሰግናለሁ። ፖስታውን በእጅዎ ይዘው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ የልጄን የሃሌሉያን ስም ሳይቀር ጠርተው ረጅም ጸሎት ጸለዩበት። እኛም “አሜን” አልን። ከአሜን በኋላ ደረሰኝ ማለት ጌታንም አብሮ መጠርጠር መሰለን። ፍቅሩ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ሲነካኝ እንደምንም ደፍሬ አፌን ከፍቼ ነበር፤ እርስዎ ግን ቀድመው ሻይ ድገሙ አሉን። ይሉኝታችንን እንዲህ አድርጎ የሚያውቅልን ሰው ከዚህ በፊት አልገጠመንም።

3ኛ. ስለ ችኮላዎም አመሰግናለሁ። “አፕሩቭ ሆኗል በሉት፤ ኖቲስ ስጡና ፓክ ማድረግ ጀምሩ” ስላሉን ለአከራያችን የመልቀቂያ ማስታወቂያ ሰጠን። ቤቱ ወዲያው ለሌላ ሰው ተከራየ። ባለፈው ማክሰኞ አዲሶቹ ተከራዮች፣ ጨዋ ባልና ሚስት ናቸው፣ እራት እየበላን ሳለ መጥተው ለመጋረጃ የሚሆን የመስኮት ልክ ወሰዱ። ሴትዮዋ ሃሌሉያን የትኛው ክፍል ውስጥ ነው የምትተኚው ብላ ጠየቀቻት፤ ልጄም እጇን ይዛ ወስዳ አሳየቻት።

እዚህ ላይ ምስጋናውን ለትንሽ ጊዜ ልተወውና እውነቱን ልንገርዎት፤ ፈርቻለሁ። ወሩ ሲያልቅ ቁልፉን አስረክበን፣ ከነሳጥኖቻችን ሊፍቱ ፊት ቆመን ወዴት እንደምንሄድ ስንተያይ ይታየኛል። ብርዱ ገብቷል። ፓርክዴል ሄደን ያነጋገርነው አከራይ ክሬዲታችንን ካየ በኋላ አንገቱን ነቀነቀ፤ ደግ ሰው ሆኖ ግን የጥቂት ወር ኪራይ አስቀድማችሁ ከከፈላችሁ አስገባችኋለሁ አለን። አስቀድሞ መክፈልስ ለምደነዋል። የምንከፍለው ግን እርስዎ ጋ ነው ያለው። ፍቅሩ ይህን ከሰማ ወዲህ ማታ ማታ የታሸጉትን ሳጥኖች ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ያዛውራል። እኔም ተው አልለውም።

4ኛ. ይህኛውን ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። በእምነት አስቀድመው የሚመሰክሩ ሰዎች በሩ ይከፈትላቸዋል ብለው ስለመከሩን፣ ብድሩ ሳይጸድቅ እኔና ፍቅሩ እሁድ ጉባኤ ፊት ወጣን። እግዚአብሔር በወንድም ጥሩነህ በኩል ቤት ሰጠን አልኩ። ላልጨበጥኩት ቁልፍ አመሰገንኩ። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለን፤ እናቶች እያለቀሱ አቀፉን፤ እርስዎም በትሕትና አንገትዎን ደፉ። እኔ ሞኟ እምነት መስሎኝ ነበር። ለካ ማስታወቂያ እየሠራሁልዎ ኖሯል፤ ያውም የቅድሚያ ክፍያውን እኔው ከፍዬ። ከዚያ ወዲህ ክሬዲታቸው የተበላሸ ሁለት ቤተሰቦች ቢሮዎ መጥተው እንደከፈሉ ሰምቻለሁ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ደስ ብሏቸው ይስሙኛል።

ትናንት ደግሞ ውብአለም ደወለችልኝ። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ቢሮ እያጸዳች የምትኖር እህታችን ናት። የቅድሚያ ክፍያውን አዘጋጅታ እሁድ ልትሰጥዎ መሆኑን ነገረችኝና “ያንቺን ምስክርነት ሰምቼ ነው እኮ የደፈርኩት፤ ጌታ ይባርክሽ” አለችኝ። አሜን ብዬ ስልኩን ልዘጋው ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። በጌታ ስም ዋሸች ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። በቤተ ክርስቲያን መግቢያ ላይ ሰላምታ የሚነሱኝን ሰዎች አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ከዚያ የእሷ ልጆችም አንድ ቀን ለማያውቁት ተከራይ መኝታቸውን እያሳዩ ታዩኝና ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኳት። ከእኔ ብሳ አለቀሰች። ገንዘቧ ግን ከእጇ አልወጣም።

ስለዚህ የተከበሩ ወንድሜ፣ የሰጠንዎትን ገንዘብ ወሩ ሳያልቅ እንዲመልሱልን በታላቅ ትሕትና እለምንዎታለሁ። ወለድ አልጠይቅም፤ ይቅርታም አልጠይቅም፤ ሻይም አያስፈልግም። የምፈልገው ልጄን የማስገባበት በር ብቻ ነው። ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ደግሞ ክሬዲቱ ምን እንደሚሆን ከእርስዎ የተሻለ የሚያስረዳ ስለሌለ፣ የራስዎን ስም በዚህ ሕዝብ ዘንድ እንዳያበላሹት ከልቤ እመኝልዎታለሁ።

ፈገግታዎን፣ ጸሎትዎንና ፖስታችንን በአንድ እጅ ለመያዝ ያለዎትን ችሎታ ዘወትር እያደነቅሁ፣ ለመላ ቤተሰብዎ ሙቅ ክረምትና በጣሪያ ሥር የሚያልፍ ሰላማዊ ሌሊት በመመኘት እሰናበታለሁ።

አክባሪ እህትዎ
ሰገነት

አድራሻ፦ እስከ ወሩ መጨረሻ ቶርንክሊፍ ፓርክ። ከዚያ በኋላ ያለውን አድራሻዬን እርስዎ ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል።

ግልባጭ፦
– ከእኔ ምስክርነት በኋላ ለከፈሉ ሁለት ቤተሰቦች፣ ከይቅርታ ጋር
– ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ባሉት የአበሻ ሱቆች የማስታወቂያ ሰሌዳ ለሚያነብ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የምስክርነት ፕሮግራሙን የሚመራው ወንድም መርዕድ ለፊታችን እሁድ ስሜን መዝግቦልኛል። ምን እንደምመሰክር አልጠየቀኝም። ስለዚህ እባክዎ አይቅሩብኝ፤ ከፊት ይቀመጡልኝ። ከፍርሃቴ ብዛት ድምፄ ቢዘጋ እንኳ፣ ጉባኤው ዓይኔ ማን ላይ እንደቀረ አይቶ ይረዳኛል።