አንዴ ብቻ የምትጠይቅ ሴት

ማክሰኞ

... ክንዴን ከሥር ቆንጠጥ፣ ሰው ሳያይ። ልጅ ሳለሁ፣ ደሴ፣ የጎረቤታችን ግቢ በር ላይ። የእናቴ ሁለት ጣቶች ሙሉ ንግግር ነበሩ፦ ሲሰጡሽ በልቻለሁ በይ። ሲደግሙሽም በልቻለሁ በይ። ሲምሉብሽ፣ ሲቆጡሽ፣ ያኔ እጅሽን ዘርጊ፤ ያውም ጥቂት። እኔም ሆዴ እየጮኸ፣ ዓይኔን ከሳህኑ እያሸሸሁ፣ ልክ ባለቤቲቱ እንግዲህ ካልበላሽ ስትል—

በሩ ተንኳኳ። ቁልፍ አላት፤ ግን ሁልጊዜ ታንኳኳለች። ዩቲንግ ናት፣ ቻይናዊቷ ተማሪ። የምትኖረው በልጄ በፉአድ ክፍል ነው። ፉአድ ለሥራ ፐርዝ ከሄደ በኋላ ክፍሉን ለሆምስቴይ ሰጠሁት። ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት የዝግጅት ትምህርት የሚማሩ የውጭ ልጆችን ኤጀንሲው ይልካል፤ እኔ አልጋና ራት እሰጣለሁ።

ዛሬ ሩዝ በዶሮ ነበር። ትበያለሽ ወይ አልኳት። አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ አለች። እሺ ብዬ ድስቱን ከደንኩ። ትንሽ ቆማ ክዳኑን አየችው። ከዚያ ወደ ላይ ወጣች። ስትራመድ ኮቴዋ አይሰማም።

ኢክራም፣ ትንሿ ልጄ፣ ክፍሏ ውስጥ ነች፤ ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና። ሦስት ሴቶች፣ እያንዳንዳችን በራችንን ዘግተን። እዚህ ሜልበርን፣ የፖይንት ኩክ ሰፈር ቤቶች ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው። ከውስጥም እንዲህ ይሆኑ?

ረቡዕ

የጠዋት ሺፍት። ላቨርተን ኖርዝ፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ ብርዱ ከውጭው ይብሳል። ካርቶን እያሸግሁ ስለ ዩቲንግ እጅ አስብ ነበር። ስትመጣ የእጅ ሰዓቷ ልኳ ነበር። አሁን ወደ ክርኗ ይንሸራተታል።

የሚያሳስበኝ፦
ማሞቂያውን ትከፍተዋለች ወይስ እኔን ፈርታ በጃኬት ትተኛለች?
ጓደኛ አላት? ከእናቷ በቀር ሲደውልላት የሰማሁት ሰው የለም።
ምግቤ ይከብዳት ይሆን?

መጠየቅ እችላለሁ። ደግሜ መጠየቅ ነው የማልችለው።

ከዩቲንግ በፊት ከአውሮፓ የመጣች ልጅ ነበረችኝ። ኖ ስትለኝ ጨመርኩላት። ኖ ስትለኝ አፈር ስሆን ብዬ ጨመርኩላት። በኔ ቤት ማክበሬ ነው። ልጅቷ በግድ ታበላኛለች ብላ ኮምፕሌይን አደረገች። የኤጀንሲዋ ሴት መጥታ፣ ፈገግ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አስረዳችኝ፦ አንዴ ትጠይቂያለሽ፤ መልሱን ታከብሪያለሽ። ሌላ ኮምፕሌይን ከመጣ ስሜ ከአስተናጋጆች ዝርዝር ይሰረዛል።

ተማርኩ። አንዴ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ምላሴን እነክሳለሁ።

ዩቲንግ ፈተናዋን ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። እዚሁ ከኛ ጋር ልትቀጥል ትችላለች፤ ሌላ ቤት መፈለግም ትችላለች። ዓርብ ከኤጀንሲው ሊጠይቋት ይመጣሉ። እንድትቆይ እፈልጋለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ስሰግድ የቧንቧውን ውሃ ትዘጋለች። የገዛ ልጄ አትዘጋም።

ሐሙስ

ከእናቷ ጋር በቪዲዮ ስታወራ በሯ ገርበብ ብሎ ነበር። የእናቲቱ ድምፅ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል። ቋንቋውን አላውቅም፤ ዜማውን ግን አውቀዋለሁ። ምን በላሽ ነው የምትላት። ዩቲንግ እየሳቀች ሆዷን መታ መታ አደረገች።

ቆሻሻ ላወጣ ስል፣ ከታች፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው፣ የኑድል ኩባያዎች አገኘሁ። ሙቅ ውሃ ብቻ የሚፈስባቸው ዓይነት። እንዳላይባት ደብቃቸው ነው። ምን ያህል ጊዜ ሆኗት ይሆን? እኔ ታች ድስት ከድኜ ስቀመጥ እሷ ፎቅ ላይ ለኩባያዋ ውሃ ስታፈላ።

ምግቤን ትጸየፋለች ማለት ነው። ቅመሙን ነው። ወይም እጄን።

ማታ ቅመም የሌለው የአትክልት ሾርባ ሠራሁ። ጠየቅኋት። ጠግቤያለሁ አለች። አልተጫነችኝም ብላ ደስ እንዲላት እሺን ቶሎ አልኳት።

ዓርብ

የኤጀንሲዋ ሴት መጣች። ክፍሉን አየች፣ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ተጭና አስጮኸች። ከዩቲንግ ጋር ለብቻቸው ተነጋገሩ። እኔ ጓሮ ወጥቼ የተሰጣውን ልብስ ደርቆ እንደሆን ስነካካ ቆየሁ፤ አልደረቀም ነበር።

ስትወጣ ትከሻዬን ነካችኝ። በጣም ተሻሽለሻል አለችኝ። ልጅቷ በምንም ነገር አላማረረችም፤ ትክክለኛ ሆስት፣ ትክክለኛ አስተናጋጅ ማለት እንዲህ ነው። ስለ መቆየቱስ አልኳት፣ እንደ ዋዛ። ገና ልታስብበት ነው አለች።

ቀኑን ሙሉ ይህን ምስጋና ተሸክሜ ዋልኩ። ማሳመሬ ነው ብዬ ራትም ስጠይቃት ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ኖ አለች። ድስቱ ክዳኑን ለመደ።

ቅዳሜ

ሰንሻይን ሰፈር፣ እትዬ ዘሃራ ቤት። ዩቲንግን ይዣት ሄድኩ፤ ኢክራም አላሰኛትምና ቀረች። እትዬ ዘሃራ የእናቴ እኩያ ናቸው፤ እንግሊዝኛም አያውቁ፣ ስለ ኤጀንሲም አልሰሙ።

ሳምቡሳ አቀረቡ። ዩቲንግ እጇን አወናጨፈች። እትዬ ዘሃራ እንዳላዩ ሆነው ሁለት አነሡና ሳህኗ ላይ አኖሩ። ልጅቷ ሳህኑን በሁለት እጇ መለሰች። እሳቸው መልሰው ገፉት። እትዬ ይተዋት አልኳቸው፣ ኖ ብላለች፣ እዚህ አገር ያስከስሳል።

«የምን ክስ? ለምኑኝ እያለች እኮ ነው። ዓይኗን አታዪም?»

ከዚያ ወደሷ ዞረው፣ ጣታቸውን ቀስረው፣ በዚያው በአማርኛቸው፦ «ወላሂ ካልበላሽ ከዚህ ቤት አትወጪም!»

ዩቲንግ አንድ ቃል አልገባትም። ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ በላች። ሌላም በላች። ጣቷ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ሳይቀር። እንዲህ ስትበላ አይቻት አላውቅም። እትዬ ዘሃራ በኔ ሳቁብኝ፦ «አንቺ ሉባባ፣ መቼ ነው ፈረንጅ የሆንሽው?»

እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አፏ ተፈታ። አንድ እንግዳ አልፈልግም ሲላት እናቷ የፍራፍሬ ከረጢት ይዛ እስከ ሊፍቱ ድረስ እያሯሯጠች ኪሱ ትከትትለታለች አለችኝ። ከኛዎቹ በምን ትለያለች? መንገዱን እያየሁ ነዳሁ። ቀናሁባቸው፣ በእትዬ ዘሃራ። ሰባ ዓመት አልፏቸው፣ እግራቸውን እየጎተቱ፣ እኔ ለወራት ያቃተኝን በአንድ መሐላ።

ማታ ምሥር ወጥ አሞቅሁ። ትበያለሽ? ኖ፣ አመሰግናለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ አፌ ውስጥ ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የኤጀንሲዋ ሴት ፈገግታ መጣብኝ። ስም። ስረዛ። ዋጥኩት።

ለምን ዋጥኩት?

እሑድ

ኢክራም ልብስ እያጣጠፈች፣ ስልኳን እያየች፣ እንደ ቀልድ ነገረችኝ። በእንግሊዝኛ ነው የምታወራኝ፤ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፤ እንዲህ ነው የምንግባባው። ዩቲንግ ትጠላኛለች ብላ ታስባለች አለችኝ።

ማን ነው የሚጠላት?

«አንቺ። አንዴ ብቻ ትጠይቀኛለች፣ ከዚያ ቶሎ ትከድነዋለች አለችኝ። እነሱ ጋ አንዴ ብቻ የሚጠይቅ ሰው እንዳትበላበት የሚፈልግ ሰው ነው።»

የያዝኩት አንሶላ ከእጄ ወደቀ። መቼ ነው ይህን የነገረችሽ? ኦ፣ ቆየ። ከገባች ብዙም ሳትቆይ። ለምን ታዲያ አልነገርሽኝም? ትከሻዋን ሰበቀች። አልጠየቅሽኝም አለችኝ። ልክ ናት። እሷንም የምጠይቃት አንዴ ነው።

ኩባያዎቹ። ክዳኑን ቆማ ያየችበት ዓይን። እኔ እኮ ያን ዓይን አውቀዋለሁ፣ የራሴ ዓይን ነበር። ከማንም በፊት እኔ ላውቀው ይገባ ነበር። ሁለታችንም ከቤታችን ተመሳሳዩን ተምረን መጥተን፣ እዚህ አንዷ አስተናጋጅ አንዷ እንግዳ ሆነን፣ አንዲት የማታውቀን ሴት ባስተማረችው ሕግ ተራርበን።

ነገ እለምናታለሁ። ስሜን ይሰርዙት። ወላሂ እለምናታለሁ።

ሰኞ

ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ፤ ለአለቃዬ ራሴን አሞኛል አልኩት። ዶሮ በድንች፣ ሩዝ፣ ሰላጣ። ጠረጴዛውን አለበስኩ። ኢክራም ማን ሊመጣ ነው አለችኝ።

ዩቲንግ ዘግይታ መጣች። ዛሬ አላንኳኳችም። በቁልፏ ከፍታ እየሳቀች ገባች፣ ስልኳን ይዛ፣ ለሰው ድምፅ እየላከች። ጓደኞች አግኝታለች። ሁለት ልጆች፣ ከትምህርት ክፍሏ፤ አንዷ ከቬትናም፣ አንዷ ከኮሎምቢያ። ከተማ ወጥተው በልተዋል። ስማቸውን ስትነግረኝ ከንፈሯ ላይ ማር ያለ ይመስል ነበር።

ትበያለሽ አልኳት። ኖ አለች። ሳህኑን ሞልቼ ገፋሁላት። ኖ፣ በእውነት። እጇን ያዝኳት፤ እንግሊዝኛው ጠፋኝና አፈር ስሆን አልኳት፣ በሞቴ አልኳት፣ ለኔ ስትዪ አልኳት። እጇን በቀስታ አወጣች። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ።

ከዚያ ነገረችኝ፣ ፈተና የመለሰ ተማሪ በሚኮራበት ኩራት፦

«ጓደኞቼ አስተማሩኝ። እዚህ አገር ኖ ማለት ኖ ነው። እየተለማመድኩ ነው።»

ጎበዝ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ማንኪያውን እንደያዝኩ ነበር። ኢክራም ከደረጃው ላይ ታየን ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዋ ክፍት ነበር።

ሐሙስ

ሁለት ቀን አልጻፍኩም።

ትሄዳለች። ከጓደኞቿ ጋር ለትምህርት ቤታቸው የሚቀርብ ቤት አግኝተዋል። ለኤጀንሲው ነግራለች። የኤጀንሲዋ ሴት ደውላ ስላንቺ መልካም ብቻ ነው የተናገረችው አለችኝ፤ ሌላ ተማሪ እንልክልሻለን። ከየት ናት አላልኳትም።

ልነግራት አስቤ ነበር። ቁጭ አድርጌ፣ እንዲህ ነበር የሆነው፣ አልጠላሁሽም ልላት። ቃላቱን በእንግሊዝኛ ሰበሰብኳቸው፤ ካርቶን እያሸግሁ ደጋገምኳቸው። ቤት ስገባ ሻንጣዋ ተከፍቶ ወለሉ ላይ ነበር፤ እሷ እየዘፈነች ልብስ ታጥፋለች። ሰው እንዲህ ደስ ብሎት እያለ ምን ይባላል። ካልሲዎቿን አብሬ አጣጠፍኩ።

ኢክራም ራት አብራኝ በላች፣ ታች ወርዳ። ሳልጠራት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቅዳሜ

ጠዋት ዝናብ ነበር፤ አሁን ፀሐይ። የሜልበርን ነገር። የኮሎምቢያዋ ልጅ መኪና ይዛ መጣች፣ ትንሽ ቀይ መኪና፣ አንድ ጎኗ የተጫረ። ሻንጣው አልገባ ብሎ ተሳሳቁ። ኢክራም ወርዳ ገፋችላቸው፤ ዩቲንግን አቀፈቻት፤ ስልክ ተቀያየሩ። በአንድ ቤት ስንት ወር ኖረው ዛሬ ስልክ ተቀያየሩ።

ዩቲንግ ወደኔ መጣች። ቁልፉን በሁለት እጇ ሰጠችኝ፣ ጎንበስ ብላ። እኔ ጉንጯን ሳምኳት፣ በኛ ደንብ፣ ደጋግሜ። መቁጠሩ ስለጠፋት ሳቀች።

መኪናው ውስጥ ከገባች በኋላ እንደገና ወጣች። አንድ እግሯ ውስጥ፣ አንድ እግሯ አስፋልቱ ላይ። የሚቀጥለው ቅዳሜ መጥተሽ ቤታችንን ታያለሽ ወይ አለችኝ። ራት እሠራልሻለሁ፤ ሥጋውን ሐላል ከሚሸጡት እገዛለሁ።

«ኖ፣ ኖ» አልኳት። «አትቸገሪ። ትምህርት አለብሽ።»

ቆሜ ጠበቅሁ።

ዩቲንግ በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች። ኦኬ አለች፤ እግሯን ሰበሰበች፤ የመኪናው በር ተዘጋ።