ጨውና ስኳሩን ስንት ታደርጊ ነበር?

አስካለ፣

ደብዳቤ ሲጀመር እንደምን አለሽ ይባላል። አንቺን ምን ብዬ እንደምጠይቅሽ ስላላወቅሁ ዘለልኩት። ከተለያየን ሁለት ትልልቅ ዝናብ አለፈ። ሁለተኛው ዝናብ ተባለ እንጂ አቧራውን እንኳ በወጉ አላረጠበም። ፊደሌ ያው ነው። ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ሳለን አሸዋ ላይ በጣትሽ እየጻፍሽ ካስተማርሽኝ አንድም አልጨመርኩም፣ አንድም አልቀነስኩም። አንድ ገጽ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። ትዕግስት «አባዬ፣ በስልክ እየነገርከኝ እኔ ልጻፍልህ» ብትለኝ እምቢ አልኳት። የኔንና ያንቺን ጉዳይ በልጃችን እጅ አላስጽፍም።

መንደራችን ሄሉ እንደተውሽው ነው ማለት አልችልም። አስፋልቱ ዳር ሱቅ በዝቷል፣ ሰው የሚጭን የቦዳቦዳ ሞተር ከፍየል በልጧል። ያቺ ቀንዷ የተሰበረው ፍየል መንታ ወልዳለች፣ ሁለቱም ሴት። ነጠላሽ ከበሩ ጀርባ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ትዕግስት ልታነሳው ስትል ተቆጣኋት። ሙቀቱ ግን ሌላ ሆኗል። ድሮ ፀሐይ ከላይ ብቻ ነበር የምትመጣው፣ አሁን ከአስፋልቱም ከታች ትመጣለች።

የምጽፍልሽ ስለዚህ ነው። ወደቅሁ።

ኦዳ መንደር ሁለት ፍየል ለማየት በእግሬ ሄጄ ስመለስ እኩለ ቀን ሆነብኝ። ውሃ አልያዝክም ነበር እንዳትይኝ፣ ይዤ ነበር። ሦስት ጠርሙስ ጠጥቻለሁ። እንዲያም ሆኖ መጀመሪያ ባቴ ተኮማተረ፣ ከዚያ ጆሮዬ ውስጥ ንብ ገባ፣ ከዚያ የግራር ጥላ ሥር ተጋድሜ ሰማይ አያለሁ። አንድ ቦዳቦዳ ነጂ አግኝቶኝ፣ ሌላ ሰው ከኋላዬ አስቀምጦ፣ እኔን እንደ በቆሎ ጆንያ መሃል ላይ አጣብቆ ክሊኒክ አደረሰኝ።

ነርሷ ወጣት ናት፣ ስዋሂሊውንም ኦሮምኛውንም ትቀላቅላለች። ሰውነትህ ደርቋል አለችኝ። ሦስት ጠርሙስ ውሃ የጠጣ ሰው እንዴት ይደርቃል ብዬ ተከራከርኳት። ሸሚዜን አውልቃ ጀርባውን አዙራ አሳየችኝ። ነጭ ነጭ መስመር ሠርቶበታል።

«ምዜ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። እዚህ ሽማግሌን ሁሉ ምዜ እንደሚሉት ታውቂያለሽ።

«ላብ» አልኳት።

«ላቡማ ደርቆ ሄደ። ይሄ ጨው ነው። ጨውህ ሸሚዝህ ላይ ቀርቷል፣ አንተ ውሃ ብቻ ትጨምራለህ።»

አስካለ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፍየል ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጨው ያልላሰ ፍየል ጉልበቱ እንደሚከዳው ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገሩ ለኔም እንደሚሠራ ግን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። አልጋው ላይ ጋደም ብዬ ስገረም ዋልኩ። ውሃ ብቻውን ውሃ ካልሆነ ምንድን ነው?

ያን ጊዜ ቢጫዋ ጠርሙስ ትዝ አለችኝ። ገበያ ስወጣ በየጠዋቱ የምታስይዢኝ። ጣፈጥ የሚል፣ ከሥሩ ጨው ጨው የሚል፣ ሎሚ ሎሚ የሚሸት ውሃ። እኔ ልታሞላቅቂኝ ስኳር የምትጨምሪበት ነበር የሚመስለኝ። «የሕፃን ውሃ አታስይዢኝ» ብዬሽ አውቃለሁ፣ ጥግ ዞሬ ግን እጠጣው ነበር። ገበያ ላይ ሰዎቹ «ተሰማን ፀሐይ አይነካውም» ሲሉ «እኔ የተሠራሁት ከብረት ነው» እያልኩ ደረቴን እነፋ ነበር። ምን እንዳደረግሽበት አንድም ቀን አልጠየቅሁሽም።

ትዕግስት መውደቄን በማግሥቱ ሰማች። ከኢሲዮሎ ደውላ ያለችኝን ልንገርሽ። «አባዬ፣ መንገድ ላይ ስለወደቅክ ሰው አየህ። ቤት ውስጥ ብትወድቅስ ማን ያይሃል? አንዴ ብትደግመው መኪና ይዤ መጥቼ ጓዝህን ጭኜ ነው የምወስድህ።» የማን ልጅ እንደሆነች አንቺ ታውቂያለሽ፤ ያለችውን ታደርጋለች። ኢሲዮሎ ጥሩ ከተማ ነው ይላሉ። እኔ ግን አንቺን ከቀበርኩበት ቦታ ተነስቼ የሰው ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን እያየሁ አልሞትም። ስለዚህ ያንን ውሃ መሥራት አለብኝ አልኩ።

ከባድ ነው ብዬ አላሰብኩም ነበር። ነርሷ ልኩን ነግራኛለች። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም በልኩ የተላገ፣ ያልተቆለለ። የደም ግፊት እንደሌለብኝም ለክታ አረጋግጣለች፤ ካለብህ ጨው አትጨምር ብላኛለች። እኔ ግን ጨው አውቃለሁ ብዬ ለፍየሎቹ የገዛሁትን፣ ጨው ቤት ከሚባለው ሐይቅ የሚመጣውን ጥቁሩን ጨው ወቀጥኩና ጨመርኩ። አፌ ሳሙና ሆነ። ፍየሎቹ ግን ባልዲውን ልሰው ጨረሱት። ያቺ ባለመንታዋማ ገና አለ ወይ ብላ ታየኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን የሱቅ ጨው ገዛሁ። ማንኪያ ያው ማንኪያ ነው ብዬ በምበላበት በትልቁ፣ ያውም እየቆለልኩ ሰፈርኩ። በአንድ ጉንጭ ተፋሁት። በሦስተኛው ቀን ትንሿን የሻይ ማንኪያሽን ፈልጌ፣ በቢላ ጀርባ እየላግሁ፣ ልክ እንደተባልኩት አደረግሁ። አሁንም ጨዋማ ነው! እንደገና ሠራሁ። አሁንም። ነርሷ ተሳስታለች ወይስ ምላሴ አርጅቷል? ሁለት ቀን ይሄን ሳሰላስል ፍየል መሸጡንም ረሳሁ።

መልሱን የነገረችኝ ጎረቤታችን ዳርሚ ናት። በአጥሩ በኩል ስታየኝ ሰንብታለች።

«ጃርሳ፣ በየትኛው ውሃ ነው የምትሠራው?» አለችኝ። እሷ አሁንም በስሜ አትጠራኝም፣ ሽማግሌው ነኝ።

«በውሃ ነዋ» አልኳት።

«በአህያ ጋሪ የሚመጣው የጉድጓድ ውሃ ነው? እሱ ከመሬት ሲወጣ ጨው ይዞ ነው የሚወጣው። ሻይህ ሲያስጠላህ አይታወቅህም? አስካለ የዝናቡን ነበር የምታፈላው።»

የዝናቡን ውሃ ታንክ ቁልፍ አድርገሽበት ትዞሪ የነበረውን፣ እግሬን ልታጠብበት ስል ምን ያህል እንደተጣላን ታስታውሻለሽ? ሰማይ በነፃ የሰጠንን ውሃ ትቆልፊያለሽ ብዬ ሳምንት አኩርፌሻለሁ። ካንቺ በኋላ ቁልፉን ሰብሬ ፍየል አጠጣሁበት፣ ሸሚዝ አጠብኩበት፣ እግሬንም ታጠብኩበት። ዛሬ ቢደበድቡት እንደ ከበሮ ነው የሚጮኸው። አንድ ጠብታ የለውም።

እንግዲህ የጋሪውን ውሃ አፍልቼ ጨዉን መቀነስ ነው ያለብኝ። ስንት? ማንኪያው ከዚህ በኋላ አይረዳኝም፤ በውሃው ውስጥ ስንት ጨው እንዳለ ማንኪያው አያውቅም። ዳርሚንም ጠየቅኋት፣ እሷም አታውቅም። ያን ጊዜ ነው ዋልዳ ያልሽው ነገር የመጣልኝ። ተቅማጥ የወሰደብንን የመጀመሪያ ልጃችንን ከቀበርን በኋላ ክሊኒኩ ድረስ እየሄድሽ የተማርሽውን። ስለሱ አልጽፍም፤ ታውቂዋለሽ። ከድንኳን ድንኳን እየዞርሽ ለእናቶቹ ስታሳዪ «መጀመሪያ ቅመሱት፣ ከእንባ ይበልጥ ጨው ጨው ካለ ድፉት» ትያቸው ነበር። እኔ በር ላይ ተቀምጬ የሴቶች ጉዳይ ነው ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ጆሮዬ ግን ይዞት ኖሯል።

አሁን እንባ ከየት ላምጣ? እኔን ታውቂኛለሽ። ያንቺ ቀብር ዕለት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ድንጋይ ሳቀብል ነበር። የእንባ ጣዕም ምን እንደሚመስል የማላውቅ ሽማግሌ ነኝ ብልሽ አትሳቂ። ስለዚህ ሦስት ቀይ ሽንኩርት አመጣሁና ቁጭ ብዬ መክተፍ ጀመርኩ። ወረደልኝ። በጣቴ ጠርጌ እቀምሳለሁ፣ ከዚያ ውሃውን እቀምሳለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እንባውን። ጨዉን ሩብ ማንኪያ አደረግሁት፣ ገና ነው። ከዚያ በታች በቢላዋ ጫፍ አደረግሁት።

ዳርሚ በአጥሩ አንገቷን አስግጋ «ጃርሳ፣ ሽንኩርቱ ምን በደለህ?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ሂጂልኝ» አልኳት።

ልኩ ላይ ደረስኩ። ሽንኩርቱንም ለዳርሚ ሰጠኋት፣ ወጥ ትሥራበት። እንባው ግን አላቆመም አስካለ። ሽንኩርቱ ከሄደ በኋላ ብዙ ቆየ። መቼም ነገር ካልመረመርኩ አይሆንልኝምና፣ የሽንኩርቱና ያኛው እንባ በጣዕም ይለያዩ እንደሆነ ቀመስኩ። አይለያዩም። ይሄን አንቺ ቀድሞ ታውቂው ነበር?

ሌላም የሚገርመኝ ነገር አለ። ውሃ ማፍላቱ፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቁ፣ መለካቱ፣ መቅመሱ፣ ጠርሙሱን በፈላ ውሃ ማለቅለቁ፣ እኔ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ያኔ ግን ጠዋት ስነሳ ጠርሙሷ በር ላይ ተዘጋጅታ ነበር የምትጠብቀኝ። ደግሞ ያደረን አትሰጪኝም ነበር፣ ከቀን በላይ ከቆየ ትደፊው ነበር። ታዲያ መቼ ነው የምትሠሪው?

ያ ያነሳኝ ቦዳቦዳ ነጂ አንድ ቀን ሊጠይቀኝ መጣ። ቀትር ላይ ነው፣ ፊቱ ጨው ሠርቷል። አንድ ኩባያ ሰጠሁት። በማግሥቱ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ከዚያ አራት ሆኑ፣ አምስት ሆኑ። አሁን ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ በሩ ላይ ሞተራቸውን ያቆማሉ። ክፍያ አልቀበልም፤ ስኳርና ሎሚ ግን ያመጣሉ። አንደኛው ሆዴ ሲያመኝ ነበር፣ ሌላው ራሴን ሲወጋኝ ነበር እያሉ ያወራሉ፣ እኔም እንደ ሐኪም እሰማቸዋለሁ። «ይሄ ነገር ስሙ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «የኔ ነው፣ የተሰማ ነው» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ብረት ነኝ እያልኩ ስምሽን ሸፍኜ ኖሬ አሁንም? «የአስካለ ውሃ ነው» አልኳቸው።

ባለፈው ሳምንት ወደ ኦዳ ሄድኩ። በጠዋት ወጥቼ፣ ጠርሙሴን ይዤ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ተመለስኩ። እግሬ እንኳ አልተኮማተረም። ሰው ግን ሰው ነው፣ «አባትሽ ደግሞ መሄድ ጀመረ» ብሎ ለትዕግስት ደወለላት። በሁለተኛው ቀን መኪና ተከራይታ መጣች። የኋላው ወንበር ታጥፎ ክፍት ሆኗል፣ ለጓዜ መሆኑ ነው። ፊቷን አይቼ ክርክር እንደማይሠራ አወቅሁ።

ቀትር ላይ ነበር። ነጂዎቹ ደጃፉን ሞልተውታል። ትዕግስት ከመኪናው ወርዳ ሳትስመኝ «እነዚህ እነማን ናቸው?» አለች። ከኔ በፊት አንዱ ኩባያውን አንስቶ «ምዜ፣ ማጂ ያ አስካለ ኢኮ?» አለ። የአስካለ ውሃ አለ ወይ ማለቱ ነው።

ልጅሽ ባለችበት ቆመች። ስምሽን ከማታውቀው ሰው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ኩባያ ሰጠኋት፣ ጠጣች፣ ደገመች። «የእማዬ ሎሚው በዛ ይል ነበር» አለች፣ ነገር ሳትፈልግብኝ አታልፍም። ከዚያ ነጂዎቹን በየተራ ታናግራቸው ጀመር። በየቀኑ ትመጣላችሁ? አንድ ቀን በሩ ካልተከፈተ ምን ታደርጋላችሁ? ያ ያነሳኝ ልጅ «እንሰብረዋለን» አላት። ሳቀች። ካንቺ በኋላ እዚህ ግቢ ስትስቅ አላየኋትም።

ተስማማን። ረፋዱ ካለፈ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእግሬ ላልወጣ ምዬላታለሁ፤ እኔ ለማንም ምዬ አላውቅም፣ ላንቺም ለጋብቻ ብቻ ነበር። የታንኩን አሸንዳ አብረን ጠረግን፣ አዲስ ቁልፍም ገዛችበት። ከዚያ መኪናውን ባዶውን ይዛ ተመለሰች።

አልረሳሽም ብዬ አልጽፍልሽም፤ ያ ቃል ለሚረሳ ሰው ነው። የምገባልሽ ቃል ሌላ ነው። እኔ በዚህ ቤት እስካለሁ ድረስ፣ አንቺን አይቶሽ የማያውቅ መንገደኛ ሁሉ ስምሽን ሳይጠራ ከዚህ በር ውሃ አይጠጣም።

ባልሽ ተሰማ