አቶ ዳናን ኢንተርኔት ሳስተምር

ሰኞ፣ ኅዳር 2፤ ከሰዓት
ዛሬም የመዝገብ ቤቱ አቶ ዳና። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማውዙን እንደ እንቁላል ይዞ ቁጭ። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ካንቺ በቀር ማን ይሰማኛል፣ ማስታወሻዬ።
የሙዝ በሽታ መከላከያ እንዲፈልግ ነገርኩት፤ የጫኖ ገበሬዎች በየቀኑ እየመጡ የሚጠይቁንን። መነጽሩን ጠረገ። በሁለት ጣት ጻፈ፣ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ሄጄ ሳይ መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ደብዳቤ! «ጉዳዩ፦ ስለ ሙዝ በሽታ መረጃ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ» ብሎ ይጀምርና «ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» ብሎ ያበቃል። ከነስሙ፣ ከነማዕረጉ። ፎቶ አንስቼ የመ/ቤቱ ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። እስከ ምሳ ድረስ ሳቅ በሳቅ። እሱም ስልኩን አይቶ አብሮ ሳቀ። በማን እንደሚሳቅ የገባው አልመሰለኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4
ነገሩ እንዲህ ነው። መዝገብ ቤቱ ወረቀት ሊያቆም ነው። በኮምፒዩተር መሥራት የቻለ ይቀራል፤ ያልቻለ ደጋ ወዳለው ቅርንጫፍ ይዛወራል። ቻለ፣ አልቻለም የምለው እኔ። አቶ ዳና ያውቃል። ሚስቱ በሳምንት ሁለቴ እዚሁ አርባ ምንጭ ኩላሊቷን ትታጠባለች። ደጋ ላይ እጥበት የለም። ነገረኝ። አልለመነኝም፣ ነገረኝ ብቻ። አሳዘነኝ። ሲያሳዝነኝ ደግሞ ይብስ ያናድደኛል፤ ማን ንገረኝ አለው?
የዛሬው ትምህርት፦ ቃል መቀነስ። ሰላምታ፣ ምስጋና አያስፈልግም አልኩት። የማያውቁትን ሰው ሰላም ሳይሉ መጠየቅ ነውር ነው አለ። ሰው አይደለም አልኩት። አሰበበት። ከዚያ ምስጋናውን አጠፋው፤ እያፈረ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9
እስከ 4 ሰዓት መብራት አልነበረም። አቶ ዳና ከጫሞ የመጣ ዓሣ በፌስታል ይዞልኝ መጣ፣ ላስተማርሽኝ ብሎ። ወሰድኩ። እሾህ ይበዛበታል።
መብራቱ ሲመጣ ራሱ ከፈተ። ባለፈው ሳምንት ያሳየሁት ሁለት ነገር ነው፦ ከላይ የሚመጡት ማስታወቂያ ስለሆኑ ይዝለሏቸው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዳለ ከፈለጉ በጥቅስ ምልክት መሐል ያስገቡት። ዛሬ ሦስት ታብ ከፍቶ ያነጻጽራል! ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው ይላል። አንዱን፣ ይሄ መድኃኒት ሻጭ ነው፣ አላምነውም ብሎ ዘጋው። ይህን እኔ አላስተማርኩትም። ሠላሳ ዓመት የደብዳቤ ፊርማና ማኅተም ሲመረምር የኖረ ሰው፤ ለካ ሥራው ያው ነው።
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፤ 9 ሰዓት ከሰዓት
የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ማኑዋሌን ታውቂያለሽ። ሠላሳ ሁለት ገጹን። አሠልጣኝ ያስባለኝ፣ አሁን ለክፍል ኃላፊነት ያሳጨኝ። ከየት እንዳመጣሁት ላንቺም ነግሬሽ አላውቅም። አቶ ዳና ልለማመድ ብሎ ከማኑዋሌ አንድ ዐረፍተ ነገር በጥቅስ አስገብቶ ፈለገ። ወጣ። አ/አ ያለ አንድ አሠልጣኝ ገጽ ላይ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከነስሕተቱ።
እየሮጠ መጣ። «መምህሬ፣ ሌባ ያዝኩልህ!» አፉን የፈታበት አይደለምና፣ ሠላሳ ዓመት አማርኛ ጽፎ ዛሬም ሲቸኩል ሴቷን «አንተ» ይለኛል። የአ/አው ሰው ሥራዬን ሰርቆ በስሙ ለጠፈው ማለቱ ነው። የሰውየው ገጽ የወጣበት ቀን ከእኔ ማኑዋል በሁለት ዓመት ይቀድማል። ቀኑንም አይቷል! ሌባው ሆን ብሎ ወደ ኋላ የጻፈው ነው፣ መዝገብ ቤት ስንቱን አይቻለሁ አለኝ። ሌባዋ እኔ ልሆን እንደምችል ለአፍታ እንኳ አልጠረጠረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።
ይተዉት አልኩ። ረፍዷል። በእኔ ፈንታ አቤቱታ ጽፏል። የገጹን ህትመት አያይዟል። አድራሻው ለኃላፊው። ጸሐፊዋም ተቀብላ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኑራ ቢሮውን ቆልፋለች። ኃላፊው ምዕራብ ዓባያ ለመስክ ወጥቷል፣ ነገ ከሰዓት ይገባል። ሁለቱን ቀን ካየ አለቀልኝ። ደደብ ሽማግሌ። ደግ፣ ደደብ ሽማግሌ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13፤ 5 ሰዓት
ወሰንኩ። የሥልጠናውን ሪፖርት ጠዋት ጻፍኩ። «አቶ ዳና ያገኙትን መረጃ ምንነት ለይተው መረዳት አልቻሉም። ያልተፈጠረ ነገር አየሁ ይላሉ፤ ከዚህም ተነሥተው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ለቦታው ብቁ አይደሉም።» አጭር፣ ንጹሕ። ቃል መቀነስ እችላለሁ። ኃላፊው ይህን ቀድሞ ካነበበ አቤቱታውን የግራ የተጋባ ሰው ወረቀት ብሎ ይተወዋል።
ጸሐፊዋ ግን መዝገብ ቤት ቁጥር ካልሰጠው አልቀበልም አለች። መዝገብ ቤት ማለት አቶ ዳና ነው። ፖስታውን አሽጌ ወረድኩ። ጉዳዩ ምን ልበለው አለኝ። የእርስዎ የሥልጠና ውጤት አልኩት። ከወንበሩ ተነሣ። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ዛሬ የሚስቱ የእጥበት ቀን ነው፣ በምሳ ሰዓት እዚያው ሄጄ አበሥራታለሁ አለ።
ቁጥር ሰጠው። ሳልጠይቀው «አስቸኳይ» የሚለውን ማኅተም መታበት። እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ ብሎ ቆመ።
ጠረጴዛው ላይ ካሉት ሁሉ በላይ ያድርጉልኝ አልኩት።
እሺ ልጄ አለኝ።